ማይክሮዌቭ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል?

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2019 መገባደጃ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ በነዳጅ የሚሠራ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። ይሁንና ኮሎሎን በመሳሰሉ ሰፈሮች ጄኔሬተርና ኢንቨርተር አሁንም ከቤት ዕቃ ተርታ አልወጡም። ማይክሮዌቭ ገዥውን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው።

በካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው 800 ዋት ምግቡ የሚያገኘው ኃይል ነው። ምድጃው ከሶኬት የሚስበው ግን 1,200 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ይህ አኃዝ ከጀርባው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። 1,200 ዋት ለ230 ቮልት ሲካፈል ከ5 አምፒር ጥቂት ይበልጣል፤ በአግባቡ የተዘረጋ ባለ 16 አምፒር መስመር ያለ ችግር ይሸከመዋል። ችግሩ ጉርብትናው ነው። 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ በዚያው መስመር ሲጨመር ድምሩ ወደ 14 አምፒር ይጠጋል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድማ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ መተካት መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ካደገ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ለጄኔሬተር 1 ኬቪኤ ብዙውን ጊዜ 800 ዋት ብቻ በመሆኑ፣ ለማይክሮዌቩ ብቻ 2 ኬቪኤ መያዝ ይመከራል። በባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ኢንቨርተር ከባትሪው ከ100 አምፒር በላይ ይስባል፤ ቀጫጭን የባትሪ ገመዶች የሚቀልጡትም በዚህ ምክንያት ነው። የኢንቨርተሩ ሞገድ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ምድጃው ያጉረመርማል፣ ምግቡም ዘግይቶ ይሞቃል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማይክሮዌቭ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። በ230 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ወዲያው ይበላሻል። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም 50 ኸርዙን ስለማይለውጠው፣ በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው ዓይነት ከመጠን በላይ ይግላል። ለእንዲህ ያለው ስጦታ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬትም ለዚህ ዕቃ አይሆንም። በምድጃው ውስጥ ከ2,000 ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ገዳይ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን መፍታት ያለበት ባለሙያ ብቻ ነው።