ማርሚታ አጠገብ ያለው ማዕድን

ቁራሌው በኪሎ የሚገዛው ሁሉ ተራ ብረት አይደለም። ከሞተሩ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቱቦ ላይ ሆዷ የተነፋ አንዲት ቆርቆሮ አለች፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ትባላለች። ስንቱ ጋራዥ «ጭሱን እያፈነች መኪናውን አደከመችው» ብሎ ቆርጦ ይጥላታል፣ ወይም ሆዷን አራግፎ ባዶዋን ይመልሳታል። የሚረግፈው ግራጫ ሴራሚክ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ይህ ፍርስራሽ እንዴት ማዕድን እንደሆነ ላውጋችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዩጂን ሁድሪ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። ስሙ የገነነው ከድፍድፍ ዘይት የተሻለ ቤንዚን የሚወጣበትን ዘዴ በመፍጠሩ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል። ቤንዚኑን ያሻሻለው ሰው ኋላ ላይ ጭሱ ያሳስበው ጀመር። በ1950 አሜሪካ ውስጥ ኩባንያ አቋቁሞ ጭስ የሚያጠራ ዕቃ ሠራ። ዕቃው ሠራ፣ ቤንዚኑ ግን ገደለው። ያኔ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይጨመር ነበር፤ እርሳሱ ፕላቲኑን እየለበሰ ያደነዝዘዋል። ሁድሪ በ1962 ሲሞት ዕቃው ከመጋዘን ፎርክሊፍትና ከመሳሰሉት አልፎ ወደ ቤት መኪና አልገባም ነበር።

በሩን የከፈተው ሕግ ነው። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት የመኪና ጭስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ እንዲቀንስ ደነገገ። መኪና ሠሪዎቹ አይቻልም ብለው ጮኹ፤ የ1975 ሞዴል መኪኖች ግን አብዛኞቹ ኮንቨርተር ተገጥሞላቸው ወጡ። ለዚህም ሲባል ከ1974 ጀምሮ ማደያዎች እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲያቀርቡ ተገደዱ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ የሚናገሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ይህ ግዴታ የወጣው ግን በመጀመሪያ ፕላቲኑን ለማዳን ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ አሳፋሪው ገጽ ይህ ነው።

እነዚያ መኪኖች አርጅተው ቆሻሻ ብረት መሆን ሲጀምሩ አዲስ ሙያ ተወለደ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቆርቆሮው በመቀስ ማሽን ይከፈታል፣ ሴራሚኩ ይወጣል፣ ይፈጫል፣ ዱቄቱ በደንብ ይደባለቃል። ከዚያ በከፍተኛ ሙቀት ከብረት ወይም ከመዳብ ጋር ይቀልጣል፤ የከበሩት ማዕድናት ወደ ብረቱ ይሰበሰባሉ፣ ሴራሚኩ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ፕላቲን፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚለያዩት በመጨረሻ ነው። በደቡብ አፍሪካ ጉድጓዶች ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው፤ ከአንድ ቶን የኮንቨርተር ሴራሚክ ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊገኝ ይችላል። እኛም ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲን ከአፈር እያጠብን አውጥተናል፤ ያንን የምናውቅ ሰዎች ይህንን በኪሎ ዋጋ እንሸጣለን።

ገንዘቡ የሚወሰነው ግን እቶኑ ጋ ሳይሆን ናሙናው ጋ ነው። ማዕድኑ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከተደባለቀው ዱቄት ናሙና ይወሰድና ይከፈላል፦ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ታሽጎ ለዳኛ። ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ የታሸገው በሦስተኛ ላቦራቶሪ ይመረመራል። ይህ ልማድ ከድንጋይ ማዕድን ንግድ የተወረሰ ነው። ዱቄቱ በደንብ ካልተደባለቀ ወይም እርጥበቱ ካልተለካ አንደኛው ወገን ይበላል። ኮንቨርተሩን እንዳለ በፍሬ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ለሙግት የሚያቀርበው ናሙና እንኳ የለውም።

«እኔው ቤቴ አወጣዋለሁ» የሚልም አይጠፋም። ቪዲዮው ሞልቷል። የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ፕላቲኑን ያሟሟል፣ ሮዲየምን ግን እምብዛም አይነካም። ሮዲየም በ2016 በአውንስ ከ1,000 ዶላር በታች ነበር፤ በ2021 መጋቢት ላይ ወደ 30,000 ተጠጋ። የቤቱ ኬሚስት በጣም ውዱን ከዝቃጩ ጋር ይደፋል፣ ለሳንባው ደግሞ የፕላቲን ጨው ይተርፈዋል፤ አስም የሚያመጣ ነው። የሴራሚኩም ብናኝ ያለ ጭምብል የሚነካ አይደለም። ዋጋው በናረባቸው በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ በተለይ የቶዮታ ፕሪየስ ኮንቨርተር በሌሊት ይቆረጥ ነበር። ጠዋት አስነስታችሁ መኪናችሁ እንደ ትራክተር የጮኸባችሁ ወገኖች ታውቁታላችሁ።

አፍሪካ ዘግይታ ነው የደረሰችው። በ2001 ዳካር ላይ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2005 መጨረሻ ለማቆም ተስማሙ። ከዚያ በፊት ከአውሮፓና ከጃፓን የመጣው ያገለገለ መኪና ኮንቨርተሩን ይዞ ቢገባም ቤንዚኑ ይመርዘው ነበር። ስለዚህ መካኒኩ «ጥቅም የላትም» ሲል ለዘመኑ እውነቱን ነበር። ቤንዚኑ ተቀየረ፣ አባባሉ ግን ከጌታ ወደ ረዳት ሲወርድ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ልብ ያልተባለ ነገር፦ የተመረዘው ኮንቨርተር ጭስ አያጠራም እንጂ ፕላቲኑ ከውስጡ አልጠፋም።

ከ2024 ወዲህ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። ከእንግዲህ ሶማሌ ተራ የሚደርሰው የቤት መኪና ኮንቨርተር በአብዛኛው አሁን መንገድ ላይ ካሉት መኪኖች ሥር የሚወልቀው ነው።