የጉልበትና የቅልጥም ጥሩር (ታሪካዊ ፍልሚያ)

የጉልበትና የቅልጥም ጥሩር በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ተዋጊዎች የእግራቸውን የታችኛ ክፍል ለመከላከል ይለብሱት የነበረ መሣሪያ ነው። ዛሬም የዚያን ዘመን ፍልሚያ እንደገና የሚያሳዩና የሚወዳደሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ብዙውን ጊዜ ከብረት ላሜራ፣ አልፎ አልፎም ከጠነከረ ቆዳ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ይሠራል። ይህ መጣጥፍ በተለይ ለዘመናዊው ፍልሚያ የሚሆነው ጥሩር እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል። ጀማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ብረቱ ውፍረት ነው፤ ነገር ግን ምርጫውን በዋናነት የሚወስኑት የሚሳተፉበት ፍልሚያ ሕግና የጥሩሩ ልክ ናቸው።

ስያሜ

የቅልጥም ጥሩር በአማርኛ ገምባሌ ይባላል። ቃሉ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17፣ ጎልያድ በእግሮቹ ላይ ላደረገው የናስ መከላከያ ይገኛል። የጉልበቱ ክፍል የጉልበትን ሎሚ እንደ ቆብ ስለሚደፋ በዚህ መጣጥፍ «የጉልበት ቆብ» ተብሏል። በእንግሊዝኛ የጉልበቱ «ፖሊን»፣ የቅልጥሙ «ግሪቭ» ይባላሉ፤ ዕቃውን በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ስሞች ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ታሪክ

በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጋ ፈረሰኞች እግራቸውን ይሸፍኑ የነበረው ከብረት ቀለበቶች በተጠላለፈ ጥሩር ነው። ይህ ጥሩር ስለትን ቢመክትም እንደ ጨርቅ ስለሚተጣጠፍ የምቱን ኃይል ወደ አጥንት ያሳልፋል። ጉልበትና ቅልጥም ደግሞ አጥንታቸው ከቆዳ ሥር ወዲያው የሚገኝ፣ ሥጋ ያልሸፈናቸው ቦታዎች ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጉልበት ላይ የሚደፋ ጠንካራ ቆብ፣ እንዲሁም የቅልጥሙን ፊት ብቻ የሚሸፍን ሰሌዳ መታየት ጀመሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገምባሌው ባትንም ጭምር የሚከብ፣ በማጠፊያ የሚከፈትና በዘለበት የሚዘጋ ሆነ። በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ አቅም ያለው ፈረሰኛ እግሩ በሙሉ በብረት ሰሌዳ የተሸፈነ ነበር።

አቅም የሌላቸው ምን እንደደረሰባቸው የቪስቢ መቃብሮች ያሳያሉ። በ1361 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ንጉሥ ቫልደማር አራተኛ ሠራዊት በጎትላንድ ደሴት፣ ከቪስቢ ከተማ ቅጥር ውጭ፣ የአገሬውን ገበሬዎች ድል አደረገ፤ የሞቱትም በጅምላ ተቀበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሮቹ ሲቆፈሩ ከ1,100 በላይ ሰዎች አጽም ተገኘ። አጥንቶቹ ሲመረመሩ አብዛኞቹ የስለት ቁስሎች በእግር ላይ፣ በተለይም በቅልጥም ላይ ያረፉ ነበሩ። ራስና ደረት በጥሩርና በጋሻ በሚሸፈኑበት ፍልሚያ ሰይፍ ክፍት ሆኖ የሚያገኘው ቦታ ይህ ነው።

የፍልሚያው ሕግ

ዛሬ «የመካከለኛው ዘመን ፍልሚያ» የሚባለው አንድ ዓይነት ጨዋታ አይደለም። ለአንዱ በቂ የሆነው ጥሩር ለሌላው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በ1966 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የተመሠረተው ሶሳይቲ ፎር ክሬቲቭ አናክሮኒዝም (በአጭሩ ኤስሲኤ) ተፋላሚዎቹ የሚመታቱት በብረት ሳይሆን ራታን በሚባል ሸንበቆ መሰል ዱላ ነው። ጉልበትንና ከጉልበት በታች ያለውን የእግር ክፍል መምታት ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የጉልበት መከላከያን ግዴታ ሲያደርግ ገምባሌን አያስገድድም። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ጭኑን የተመታ ተፋላሚ እግሩን እንዳጣ ተቆጥሮ ተንበርክኮ መዋጋቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ከመሬት ጋር ይጋጫል፤ የሳተ ምትም አይጠፋም። ሕጉ የጉልበት ሎሚና ከመገጣጠሚያው በላይ፣ በታችና በጎን 2.5 ሳ.ሜ. ያህል በጠንካራ ነገር እንዲሸፈን፣ ከሥሩም ቢያንስ 6 ሚ.ሜ. ስፖንጅ ወይም ተመጣጣኝ ንጣፍ እንዲኖር ይጠይቃል። ለዚህ ፍልሚያ አዲስ ገቢ ገንዘቡን አስቀድሞ በጥሩ የጉልበት ቆብ ላይ ቢያውል ይሻላል። ገምባሌ ለዓይን ቢያምርም ቆይቶ ሊገዛ ይችላል።

ቡሁርት የሚባለው ፍልሚያ ከዚህ በጣም ይለያል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ባትል ኦፍ ዘ ኔሽንስ» በተሰኘው ዓለም አቀፍ ውድድር ይበልጥ ታውቋል። በዚህ ፍልሚያ ቡድኖች በዱልዱም የብረት ሰይፍና መጥረቢያ ይመታታሉ፣ ይታገላሉ፣ ይጣጣላሉም። ከሁለት እግሩ ሌላ እጁ ወይም ጉልበቱ መሬት የነካ ሰው ከዙሩ ስለሚወጣ ተንበርክኮ መዋጋት የለም። የጉልበትን ጀርባ መምታት ይከለከላል፤ ቅልጥም ግን ከምት አይተርፍም። ስለዚህ እግርን በሙሉ የሚሸፍን ጥሩር የግድ ነው። በተጨማሪም የአንድ ተፋላሚ ጥሩር ከአንድ አካባቢና ከተቀራራቢ ዘመን ቅርሶች ጋር እንዲመሳሰል ይጠበቃል። የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ቁር ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገምባሌ ጋር ያዋሰደ ሰው ዕቃው ሲመረመር ሊመለስ ይችላል።

ለሕዝብ ትርዒት ብቻ በሚደረገው ፍልሚያ ምቱ አስቀድሞ የተጠና ስለሆነ፣ ጥሩሩን ለብሶ ለረጅም ሰዓት መቆምና መራመድ መቻሉ ከጥንካሬው እኩል ይታያል።

የየማኅበሩ ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመግዛት በፊት የወቅቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ልክ

የጉልበት ቆብ ሥራውን የሚሠራው ሎሚው ጓዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ቆሞ ሲለካ የተመቸ ቆብ ጉልበት ሲታጠፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሸሽ ይችላል። ያኔ ሲንበረከኩ ሎሚው የሚያርፈው በቆቡ ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ይህም ምንም ካለመልበስ ሊብስ ይችላል። በመሆኑም ልኩ የሚፈተነው ቆሞ ሳይሆን ቁጢጥ ብሎ፣ ተንበርክኮና ደረጃ ወጥቶ ነው። ከቆቡ በላይና በታች ያሉት ትንንሽ ሰሌዳዎች የሚዞሩባቸው ሪቬቶች ከጉልበቱ መታጠፊያ ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ወይም ሁለት ሳ.ሜ. ዝቅ ካሉ ጥሩሩ ከእግሩ ጋር ሳይሆን ከእግሩ በተቃራኒ ይታጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥሩሩ በምን እንደሚንጠለጠል ነው። ጭን ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ስለሆነ ጠፍር ቢጠብቅበትም በእርምጃ ብዛት ይወርዳል። ጠፍሩን ይበልጥ ማጥበቅ ደም ዝውውርን ከማወክ ሌላ አይፈይድም። መፍትሔው በመካከለኛው ዘመንም የታወቀ ነበር፤ የጭኑ ጥሩር ከላይ በሚለበስ የተደረበ ሰደርያ ወይም በወገብ ቀበቶ ላይ በገመድ ይታሰራል፣ የጉልበት ቆቡም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ክብደቱን ወገብና ትከሻ ሲሸከሙት፣ ጠፍሩ የሚቀረው ጥሩሩን ወደ እግር የማስጠጋት ሥራ ብቻ ነው። የጉልበት ጠፍር በመታጠፊያው ልክ ካለፈ ቆዳ ስለሚቆነጥጥ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት አለበት።

ገምባሌ የሚለካው ለፍልሚያ የሚደረገውን ጫማና ንጣፍ አድርጎ ነው። ቁመቱ ከሎሚው ሥር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጀምርና እግር ከቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያበቃል። ከፍ ካለ ጉልበት ሲታጠፍ ከቆቡ ጋር ይጋጫል፤ ረዘም ካለ በእርምጃ ሁሉ የእግርን ጀርባ ይፍቃል። ባትን የሚከብበው ገምባሌ ግራና ቀኝ አለው። የውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከውጭኛው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ አቀያይሮ ያሰረው ሰው ብዙም ሳይራመድ ያውቀዋል። ባት በሩጫ ጊዜ ስለሚወጠር ዘለበቱ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

ብረት ከመግዛት ወይም ከማሠራት በፊት ቅርጹን በካርቶን ቆርጦ፣ በፕላስተር አስሮ መሞከር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በካርቶን ያልተመቸ ቅርጽ በላሜራ አይመችም።

ውፍረትና ክብደት

ለእግር ጥሩር የሚያገለግለው ተራ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚ.ሜ. ይወፍራል፤ በሙቀት የጠነከረ ብረት ደግሞ 1 ሚ.ሜ. አካባቢ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ማስላት ይቻላል። ቁመቱ 38 ሳ.ሜ.፣ አማካይ ዙሪያው 34 ሳ.ሜ. የሆነ ገምባሌ 1,292 ካሬ ሳ.ሜ. ላሜራ ይፈልጋል። የአንድ ኪዩቢክ ሳ.ሜ. ብረት ክብደት 7.85 ግራም ስለሆነ፣ በ1.5 ሚ.ሜ. ሲሠራ 1.5 ኪ.ግ.፣ በ1 ሚ.ሜ. ሲሠራ ደግሞ 1 ኪ.ግ. ያህል ይመዝናል። በሁለት እግር የአንድ ኪሎ ልዩነት ማለት ነው።

አንድ ኪሎ በእግር ላይ በደረት ላይ እንዳለ አንድ ኪሎ አይቆጠርም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወነጨፋልና። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ሙሉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጥሩር የለበሱ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ ለክቶ፣ ሲራመዱ ከተለመደው እጥፍ በላይ ጉልበት እንደሚያወጡ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ እግር ላይ ያረፈው ክብደት ነበር።

በሌላ በኩል የጠፍጣፋ ላሜራ ያለመጉበጥ አቅም ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ባለ 1 ሚ.ሜ. ላሜራ የባለ 1.5ቱን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ብረትን በሙቀት ማጠንከር ይህን አቅም አይጨምርም፤ የሚጨምረው ከምት በኋላ ሳይጎደጉድ ወደ ቅርጹ የመመለስ ችሎታውን ነው። ግትርነት የሚገኘው ከቅርጹ ነው። በቅልጥሙ ፊት ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሹል ሸንተረር ስስ ላሜራን ያጠነክራል፣ ምትንም ወደ ጎን ያንሸራትታል። ከዚህ የተነሣ ቅርጹ የተዋጣለት ስስ ገምባሌ እንደ ቧንቧ ከተጠቀለለ ወፍራም ገምባሌ ሊበልጥ ይችላል።

ንጣፍና የማይከለከል ጉዳት

ብረት ብቻውን ምትን ወደ ሰፊ ቦታ ይበትናል እንጂ አያጠፋውም። የቀረውን የሚውጠው ንጣፉ ነው። ለታሪካዊ ገጽታ የተደረበ በፍታ ወይም ሱፍ ይመረጣል፤ ለጉልበት ግን ውሃ የማይመጥ ጠጣር ስፖንጅ ይሻላል። ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት ወለሉን ካስነካ በምት ጊዜም እንዲሁ ያደርጋል። ስፖንጅ በአገልግሎት ብዛት ስለሚሳሳም ከጊዜ በኋላ መለወጡ አይቀርም።

የትኛውም የጉልበት ቆብ የጉልበትን ጅማቶች ከመጠምዘዝ አያድንም። ጫማ መሬት ይዞ ሲቀር ሰውነት ቢዞር፣ ወይም ሌላ ተፋላሚ ከጎን ቢወድቅ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ከብረቱ ሥር ነው። ይህ በተለይ ትግል ባለበት በቡሁርት ያሰጋል። ከቆቡ ጎን የሚዘረጋው ክንፍ መሰል ሰሌዳም የጉልበቱን ጎን ከምት ይጠብቃል እንጂ መገጣጠሚያውን አያስርም። ቀድሞ የተጎዳ ጉልበት ያለው ሰው ከጥሩር ሻጭ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ያገለገለ ጥሩር የሚገዛ ሰው ከላሜራው ይልቅ ጠፍሮቹንና ሪቬቶቹን መመርመር አለበት። የጎደጎደ ሰሌዳ በመዶሻ ይቃናል፤ የላላ ሪቬት ግን በፍልሚያ መሃል ሲበጠስ ቆቡ ወደ ጎን ይዞርና ጉልበቱ ክፍት ይቀራል። ላብ የጠጣ ንጣፍ ብረቱን ከውስጥ በኩል ስለሚያዝገው፣ ከፍልሚያ በኋላ ንጣፉ ወጥቶ ለብቻው ይደርቃል፣ ብረቱም ተወልውሎ በስሱ ዘይት ይቀባል።