ውስብስብ እንቅስቃሴን ማየት

ውስብስብ እንቅስቃሴ የሚባለው የአንድ አካል ክፍሎች በአንድ ጊዜ በየፊናቸው ሲንቀሳቀሱ፣ ወይም ብዙ ነገሮች ተደራርበው ሲጓዙ የሚታየው ነው። ጎንደር ለዚህ ምሳሌ አታጣም። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ በአጃቢው መካከል እስክስታ የሚወርድ ወጣት ወደፊት ይራመዳል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱ ይሰበቃል። የትከሻው ጫፍ በአየር ላይ የሚሄድበት መስመር ቢሣል እርምጃውና ንዝረቱ የተቀላቀሉበት ጥምዝምዝ ይሆናል። ተመልካቹ ግን ያንን ጥምዝምዝ አያይም፤ የሚያየው የሚራመድ ሰው፣ በሰውየው ላይ ደግሞ የሚርገፈገፍ ትከሻ ነው። ዓይንና አንጎል እንቅስቃሴን እየለቀሙ አይደምሩም፤ የጋራውን ከግሉ ይለያሉ።

እንቅስቃሴን ማየት አንድ ነገር ቀድሞ የነበረበትን ቦታ አሁን ካለበት ጋር ማወዳደር ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ፏፏቴ ይህን ያፈርሰዋል። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ውሃው ሳይጎድል፣ በስሜን ተራሮች ከጅንባር ፏፏቴ ትይዩ ቆሞ የሚወርደውን ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኑን ሳይነቅል ያየ ሰው ወዲያው ወደ ጎኑ ገደል ቢመለከት ድንጋዩ ሽቅብ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ሆኖም ድንጋዩ ካለበት ፈቀቅ ሲል አይታይም። ሮበርት አዳምስ ይህንኑ በስኮትላንድ ፎየርስ ፏፏቴ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1834 ጽፎታል፤ አርስቶትልም ስለ ወራጅ ወንዝ ተቀራራቢ ነገር አንስቷል። ቦታ ሳይለወጥ እንቅስቃሴ ከታየ፣ አንጎል እንቅስቃሴን ለብቻው የሚለካበት መሣሪያ አለው ማለት ነው፤ ቁልቁሉን የሚከታተሉት ሴሎች ሲደክሙ ሽቅቡን የሚከታተሉት ሚዛኑን ይደፋሉ።

መሣሪያው ግን እይታው ጠባብ ነው። ከአንጎል ኋላ ባለው የመጀመሪያ የእይታ ቀጠና እያንዳንዱ ሴል የሚደርሰው የትዕይንቱ ቁራሽ ብቻ ነው። በአጥር ሽንቁር የነጠላ ጥለት ሲያልፍ እንደ ማየት ነው፦ ነጠላው በየትም አቅጣጫ ይሂድ፣ በሽንቁሩ የሚታወቀው መስመሩን በቀጥታ የሚያቋርጠው ጉዞ ብቻ ነው። የብዙ ሽንቁሮችን ምስክርነት የማስታረቁ ሥራ በአመዛኙ ኤም ቲ በሚባለው ቀጠና ይካሄዳል፤ ዱብነርና ዘኪ እ.ኤ.አ. በ1971 በዝንጀሮ ዘመዶች አንጎል ውስጥ ካጠኑት ወዲህ በእንቅስቃሴ እይታ ስሙ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዚልና ባልደረቦቹ ስለ አንዲት ታማሚ ጻፉ፤ ይህንን አካባቢ በሁለቱም ጎን የጎዳ ሕመም ቅርጽንና ቀለምን ትቶላት እንቅስቃሴን ወስዶባታል። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ግግር የቆመ ይመስላት ነበር።

የጋራውን እንቅስቃሴ ከግሉ የመለየቱን ነገር አጥርቶ ያሳየው ስዊድናዊው ጉናር ዮሃንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በጨለማ የሚራመዱ ሰዎች መገጣጠሚያዎች ላይ ጥቂት የብርሃን ነጥቦች ብቻ እንዲታዩ አደረገ። ነጥቦቹ ቆመው ሲታዩ ትርጉም የላቸውም፤ ሲንቀሳቀሱ ግን ተመልካች ወዲያው ሰው ያያል። ይህ ስለ ሰው አካል ያለን ትዝታ የሚሠራው ነው ተብሎ ሊሞገት ይችላል። ሙግቱ ከንቱ አይደለም፤ ነጥቦቹ ተዘቅዝቀው ሲታዩ መለየቱ ይከብዳልና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ በጨለማ ተፈልፍለው ምንም ያላዩ ጫጩቶች እንዲህ ያለውን የፍጡር እንቅስቃሴ ከዘፈቀደ ነጥቦች መርጠዋል፤ የጫጩቱ ምርጫ ከትዝታ ሊመጣ አይችልም። ልማድ ይህን ችሎታ ይሞርደዋል እንጂ አይጀምረውም ብሎ መያዙ የተሻለ ነው። እንቅስቃሴን ማየት ሁሉ በኤም ቲ ያልፋል ለሚል ሰው የሚከብደው ተቃውሞ እንቅስቃሴን ማየት ካጣችው ከዚያችው ታማሚ የሚመጣው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ምርመራ በነጥቦች ብቻ የተሠራውን ሰው ድርጊት ለይታለች። እንግዲህ ኤም ቲ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ የአካል አቋም ቅደም ተከተልም ወደዚያው ያደርሳል፣ በሻዩ ጉዳይ ግን ሊረዳት አልቻለም።