ከመድረኩ የወጣ ቡጢ

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ዘመድ ጥየቃ ወልቂጤ ሄጄ ሳለሁ፣ ክትፎው ከተበላ በኋላ ወንዶቹ ሳሎን ተሰብስበን ፊልም አየን። «ሬጂንግ ቡል» ይባላል፤ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው፣ የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን የጄክ ላሞታን ሕይወት የሚተርክ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሮበርት ዴኒሮ ለዚህ ሥራው ኦስካር ተሸልሞበታል።

የእኔ የቡጢ ፊልም ዕውቀት የተገኘው ከቡታጅራ ቪዲዮ ቤት ነው። (ያኔ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዞን ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ዞኑ ለሁለት ተከፍሏል። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።) አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን «ሮኪ»ን ስናይ ጀግናችን ወድቆ በተነሣ ቁጥር ቤቱ በጩኸት ይናወጥ ነበር። የሚገርመው፣ የሁለቱም ፊልሞች ፕሮዲውሰሮች አንድ ናቸው።

የ«ሬጂንግ ቡል»ን ውበት አልክድም። በመክፈቻው ላይ ላሞታ በጭስ በታፈነ መድረክ፣ በማስካኚ ሙዚቃ ታጅቦ፣ ብቻውን በዝግታ ሲንቀሳቀስ ጸሎት የሚያደርስ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1951 በሹገር ሬይ ሮቢንሰን ተደብድቦ በ13ኛው ዙር የተሸነፈበት ግጥሚያ ዐይን አያስነቅልም። ሆኖም ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈጅ የመድረኩ ፍልሚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው ቡጢ የሚያርፈው በሚስቱና በወንድሙ ላይ ነው።

ሚስቱን ሲመታት ሳሎኑ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ አንዱ «ቀንቶ እኮ ነው» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ቡና ይዘው የገቡት አክስቴ በር ላይ ቆመው ተመለከቱና «ይኼ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብለው ረከቦቱን አስቀምጠው ወጡ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ የቃቄ ወርድዎት ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የሙሁር ሴት ነች። በዚያ ዘመን በሰባት ቤት ጉራጌ ልማድ ባሏን ትታ የሄደች ሴት እሱ ካልፈታት በቀር ሌላ ማግባት አትችልም፤ «አንቂት» የሚሉት ልማድ ያስራታል። ወርድዎት ሴቶችን አስተባብራ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች። ባሎቻችንን እንምረጥ፣ መፍታትም መብታችን ይሁን፣ በላያችን ላይ ሚስት አይደረብ አለች። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ሽማግሌዎቹ ከብዙ ክርክር በኋላ ለእርሷ ለራሷ ፈቀዱላት፤ ለሌሎቹ ሴቶች ግን ከለከሉ። ይህችን ብልጠት ልብ በሉልኝ! አንዷን ነጻ አውጥቶ ጥያቄውን ማሰር ለሸንጎ ብቻ የተሰጠ ጥበብ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በየቢሮው አይተነዋል።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎት ነበር፤ ያ የታረመው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። የትዳር ጓደኛን መደብደብ በግልጽ በአንቀጽ 564 የተጠቀሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ላሞታን እ.ኤ.አ. በ1960 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ያቆሙት በ1947 ለሻምፒዮንነት የመጋጠም ዕድል ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ስለተሸነፈው ግጥሚያ እንጂ በቤቱ ውስጥ ስላሳረፈው ቡጢ አልነበረም።

ፊልሙ ሲያበቃ ከወጣቶቹ አንዱ «ሮኪ የለም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ነበረ። ከፈትነው፤ ሁላችንንም ቀለለን።