እሳቱ ከየት ይነሣል? ጆን ዌስሊና መንፈሳዊ ቅንዓት

አንድ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ፣ የአዳር ጸሎት ሳያጓድል ሲመጣ፣ ጾም ሲያበዛ ስናይ “እሳት ነው” እንላለን። መልካም ነው፤ እንዲህ ያሉ ወጣቶች በመካከላችን ስላሉ ጌታን እናመሰግናለን። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ “እሳት” የነበረው ወንድማችን የት እንደ ደረሰ ስንጠየቅ አንገታችንን የምንደፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 10፥2 ስለ ወገኖቹ ሲናገር ለእግዚአብሔር ቅንዓት እንዳላቸው አልካደም፤ የጎደላቸው እውቀት ነበር። ይህን የሚናገረው ደግሞ ከራሱ ሕይወት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ያሳደደው በቅንዓት እንደ ነበረ በፊልጵስዩስ 3፥6 ሳይሸሽግ ጽፎልናል።

ይህን ነገር ዛሬ በአንድ ሰው ታሪክ እንመልከተው። ሰውዬው የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ጆን ዌስሊ ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዌስሊ በ1703 በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ በቄስ ቤት ተወለደ። ኦክስፎርድ ተምሮ እዚያው መምህር ሆነ፤ በ1729ም ወንድሙ ቻርልስና ጓደኞቹ የጀመሩትን ትንሽ ኅብረት መምራት ያዘ። እነዚህ ወጣቶች አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ ያነባሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ወኅኒ ቤት ሄደው እስረኞችን ይጠይቃሉ፣ ካላቸው ቀንሰው ለድሆች ይሰጣሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች “ቅዱሱ ክበብ” እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። ዛሬ በአንዱ አጥቢያ እንዲህ ያለ ወጣት ቢገኝ በማግስቱ የወጣቶች መሪ ባደረግነው ነበር!

በ1735 ዌስሊ በአሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ወደ ነበረችው ጆርጂያ ለወንጌል ሥራ ተሳፈረ። ዓላማው ለአገሬው ሕዝብ ለመስበክ ነበር። ከመሄዱ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ግን ዋናው ምክንያቱ የገዛ ነፍሱን ለማዳን ያለው ተስፋ እንደ ሆነ በግልጽ ተናግሯል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰው አገሩንና ምቾቱን ትቶ ውቅያኖስ የሚያቋርጠው የዳነ ስለ ሆነ ሳይሆን ለመዳን ነው።

ጥር 1736 መርከባቸው በከባድ ማዕበል ተመታች። ሞራቪያውያን የሚባሉ ጀርመናውያን ክርስቲያኖች አምልኮ ጀምረው መዝሙር እየዘመሩ ሳለ ባሕሩ በላያቸው ፈሰሰ፤ ትልቁም ሸራ ተቀደደ። እንግሊዛውያኑ ጮኹ። ጀርመናውያኑ ግን መዝሙራቸውን አላቋረጡም። በኋላ ዌስሊ ከእነርሱ አንዱን አልፈራችሁም ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ አለመፍራታቸውን፣ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸውም እንኳ ሞትን እንደማይፈሩ ነገረው። ዌስሊ ራሱ ግን ሞትን ፈርቶ ነበር። ጆርጂያ እንደ ደረሰም ሽፓንገንበርግ የተባለ የሞራቪያውያን መሪ ክርስቶስን ታውቀዋለህን ሲል ጠየቀው። ዌስሊ ኢየሱስ የዓለም መድኃኒት መሆኑን እንደሚያውቅ መለሰ። ሰውዬው አልለቀቀውም፤ አንተን እንዳዳነህ ግን ታውቃለህ ወይ አለው። ዌስሊ ከአፉ አዎንታ ቢያወጣም፣ ቃሉ ባዶ እንደ ነበረ እንደሚፈራ በዕለት ማስታወሻው ላይ ጽፏል።

ጆርጂያ አልተሳካለትም። ሥርዓትን እጅግ ያጠብቅ ስለ ነበር ሰዉ ሸሸው። ወድዷት የነበረች ወጣት ሌላ ሰው ባገባች ጊዜ ከጌታ እራት ከለከላት፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ታኅሣሥ 1737 በምሽት ከተማይቱን ለቅቆ ወጣ። ወደ አገሩ ሲመለስ የጻፈው ነገር ልብን ይነካል፤ ሌሎችን ሊመልስ የሄደው ሰው ራሱን ማን ይመልሰው ይሆን ብሎ ጠየቀ።

ይህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው። ዌስሊ ጸሎትና ጾም አልጎደለውም፤ ግሪክኛውንም ያውቃል። የጎደለው እምነት ነበር።

የካቲት 1738 ለንደን ውስጥ ፔተር ቦለር ከሚባል ወጣት ሞራቪያዊ ጋር ተገናኘ። ቦለር ሰው በክርስቶስ በማመን ብቻ እንደሚጸድቅ፣ ይህም በቅጽበት ሊሆን እንደሚችል ነገረው። ዌስሊ በጆሮው የገባውን ሁሉ የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ ግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ገልጦ፣ በተለይም የሐዋርያት ሥራን፣ ይመረምር ጀመር። በዚያ ከሚገኙት ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ጌታ የመጡት በቅጽበት መሆኑን ሲያይ ተገረመ። የቤርያ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው (ሐዋ. 17፥11)። እምነት እንደሌለው ሲረዳ ስብከቱን ሊተው አሰበ፤ ቦለር ግን እንዳይተው መከረው።

ግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት፣ ሳይወድ በግዱ፣ አልደርስጌት በተባለው ጎዳና ወደሚደረግ ጉባኤ ሄደ። አንድ ሰው ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ ያነብ ነበር። እግዚአብሔር በክርስቶስ በማመን ልብን እንዴት እንደሚለውጥ ሲነበብ ዌስሊ ልቡ ሲሞቅ ተሰማው፤ ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ እንደ ታመነና ኃጢአቱ እንደ ተወገደለት አወቀ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የልቡን መሞቅ ነው። ሙቀቱ የመጣው ግን ቃሉ ሲገለጥ እንደ ሆነ አንርሳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰፊ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1739 በብሪስቶል ሜዳ ላይ ቆሞ ሰበከ፤ ከዚያም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በፈረስ እየዞረ ሲሰብክ ኖረ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የማይወራውን አንድ ጉዳይ ልናነሣ እንወዳለን።

በ1762 በዌስሊ የለንደን ጉባኤዎች ውስጥ ጆርጅ ቤል የሚባል፣ በንጉሡ ዘብ ጦር ያገለገለ አሥር አለቃ ተነሣ። ሲጸልይ ሰዉ ይናወጣል፤ በሽተኛ ይፈውሳል ይባል ነበር። እርሱና ተከታዮቹ እንደ መላእክት ፍጹማን ሆነናል እስከ ማለት ደረሱ። ዌስሊ ሰምቶ አልፈረደም፤ ኅዳር ላይ ራሱ ሄዶ ሳይታይ ቆሞ አዳመጠው። ቤል አንድ ሰዓት ያህል ጸለየ። ዌስሊ ትጋቱን አደነቀ። ያልወደደውን ደግሞ በግልጽ ነገረው፤ ቃሉ እስከማይሰማ ድረስ መጮኹን፣ መናፍስትን የመለየት ልዩ ጸጋ አለኝ ብሎ ማሰቡን፣ የተቃወሙትንም በኃይል መኮነኑን። ከአንድ ወር በኋላ ዳግመኛ ዕድል ሰጠው፤ ባሰበት። እግዚአብሔር ያልተናገረውን ተናገረ እያለ ስለ መጣ እንዳይመለስ ከለከለው።

ቤል የካቲት 28 ቀን 1763 ዓለም ያልፋል ብሎ ተነበየ። ለንደን ተሸበረች። በዚያ ምሽት ዌስሊ አምላክህን ለመገናኘት ተዘጋጅ በሚለው በአሞጽ 4፥12 ላይ ሰበከ፤ ዓለም በዚያች ሌሊት ታልፋለች የሚለው ነገር ከንቱ መሆኑንም አስረዳ። ይሁን እንጂ ብዙዎች መተኛት ፈርተው፣ አንዳንዶቹም በሜዳ ሲንከራተቱ አደሩ። ዌስሊ እንደ ልማዱ ወደ አልጋው ሄዶ አራት ሰዓት ገደማ ተኛ። ነጋ። ቤል ታሰረ፤ በኋላም እምነቱን ተወ። ቶማስ ማክስፊልድ የሚባል የዌስሊ የቆየ ሰባኪም ከቤል ወገን ቆሞ ብዙ ሰው ይዞ ወጣ።

በእኛ አመለካከት ዌስሊ በዚህ ነገር ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ስለ ፍጹምነት ያስተማረው ራሱ ነበር፤ ሰዉ እስኪከፋፈልም ድረስ ታግሷል። ቀንና ሰዓት ቆርጦ ትንቢት የሚናገር በእኛም ዘንድ ስለማይጠፋ፣ ከእርሱ መዘግየት እንማር።

ዌስሊ ራሱም የተማረ ይመስላል። በ1766 ሰባኪዎቹን በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንዲያነቡ አዘዘ። ማንበብ አልወድም የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነበር፤ ወይ መውደድን ልመድ፣ ወይ ወደ ቀድሞ ሥራህ ተመለስ።

በ1781 ደግሞ ስለ ቅንዓት ብቻ የሚናገር ስብከት አሳተመ። ሐሰተኛ ቅንዓት በታሪክ ስንት ደም እንዳፈሰሰ ካሳየ በኋላ፣ እውነተኛው ቅንዓት የፍቅር ነበልባል ነው ይላል። ቀጥሎም ደረጃ ያወጣል። በልብ ዙፋን ላይ ፍቅር ተቀምጧል፤ በአጠገቡ የዋህነት፣ ትሕትና፣ ትዕግሥት የመሳሰሉት፤ ቀጥሎ የምሕረት ሥራ፤ ቀጥሎ ጸሎትና ቃሉን መስማት የመሰለው የአምልኮ ሥራ፤ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን። ቅንዓታችንም ወደ ዙፋኑ ለቀረበው ይበልጥ እንዲነድ ይጠይቃል። ለቤተ እምነታችን ስም ስንሟገት እንደ እሳት የምንነድ፣ የተራበ ጎረቤት ሲኖረን ግን የምንቀዘቅዝ ሰዎች፣ ደረጃውን ገልብጠን ይዘነዋል።

የካቲት 24 ቀን 1791 ዌስሊ 87 ዓመቱ ነበር፤ ሊሞትም ስድስት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ማለዳ አንድ አፍሪካዊ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ሲያነብ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት እንደማይቆጠር አየ። ብዕሩን አንሥቶ በፓርላማ የባሪያን ንግድ ይታገል ለነበረው ለዊልያም ዊልበርፎርስ በእግዚአብሔር ስም እንዲበረታ ጻፈለት። ከእጁ የወጣ የመጨረሻው ደብዳቤ ይህ ነው ይባላል።