‹‹ምነው ከሳሽ?›› - የክብደት ነገር በወሎ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ከሁለት አንዱን ይሰማል። ወይ ‹‹ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል!›› ይባላል፤ ወይ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ‹‹ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?›› ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ምርቃት ነው፤ ሁለተኛው ለለቅሶ ጥቂት ነው የቀረው። ‹‹ጎበዝ፣ ቀነስክ!›› የሚል ሰው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ብርቅ ነው። ሐኪሞች ‹‹ለካንሰር ላለመጋለጥ ክብደት ቀንሱ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ከሰፈራችሁ ሰው ጋር ሆናችሁ ቀንሱ›› ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ምክር ወሎ ሲደርስ በምን ዓይነት ታሪክ ላይ እንደሚያርፍ ግን ብዙም ሲወራ አንሰማም።

የ1966ቱን ረሃብ እኛ አላየነውም፤ የ1977ቱንም እንዲሁ። ያሳደጉን ግን ያዩት ሰዎች ናቸው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ። በ11 ዓመቱ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል በርክ የተባለ የቢቢሲ ዘጋቢ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያንኑ መልክ ደግሞ አሳየው። እንግዲህ የወሎ ስም ዓለምን የዞረው አጥንቱ በገጠጠ ሰው ምስል ነው። ከዚያ የተረፈች አያት የልጅ ልጇን ጉንጭ ይዛ ‹‹ትንሽ ሥጋ ልበሽ እንጂ!›› ስትል ስለ ውበት አይደለም የምታወራው። ስለ መትረፍ ነው። ለእሷ ቦርጭ ማለት ጎተራ ማለት ነው።

ረሃቡ በቅጡ ሳይረሳ ኤችአይቪ መጣ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ መክሳት የሚያመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙም አይጠራም። የከሳ ሰው መሥሪያ ቤት ይታማል፣ ቡና ላይ ይታማል፣ ሠርግ ላይ ይታማል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያፈናቀላቸው ሰዎች ደሴን ሞሏት፤ በ2014 ከተማዋ ራሷ ተይዛ ሆስፒታሎቿ ሲዘረፉ የእጦትን መልክ እኛም አየነው። ‹‹ክብደት ይቀንሱ›› የሚለው የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይህን ሁሉ አያውቅም።

ግን ሌላም ታሪክ አብሮ እየሄደ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶው ከመጠን በላይ ቀጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ። በ2008ቱ ጥናት ቀጭኖቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ ወፍራሞቹ ወደ 8 በመቶ ወጡ። ከተማና ገጠር ሲለይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፦ በገጠር 4፣ በከተማ 21 በመቶ። ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው። አንዱ ቤት ልጁ ምግብ አንሶት፣ ጎረቤቱ ስኳርና ደም ግፊት ይዞት ጤና ጣቢያ በር ላይ ይገናኛሉ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እንስራ ተሸክማ ወንዝ ትወርድ የነበረች ሴት ቧንቧ ገባላት፤ ወፍጮው መጅ ከእጇ ወሰደላት፤ የደሴን ዳገት ባጃጅ አወጣላት። (ወንዙ ይመለስ የሚል ካለ መጀመሪያ እንስራውን እሱ ይሸከም!) ሰውነት ያረፈው ግን የፓልም ዘይቱ፣ ስኳሩና ለስላሳው ገበያውን በሞላበት ጊዜ ነው።

ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው? በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው፣ መቀመጫውን ፈረንሳይ ሊዮን ያደረገው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ውፍረትን ከአምስት የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያያዘው፤ በ2016 ዝርዝሩን ወደ 13 አሳደገው። የማኅፀን ግድግዳ፣ የትልቁ አንጀት፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የቆሽት ካንሰር አሉበት። የጡት ካንሰርም አለበት፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣው። የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በስብ ውስጥ ነውና፣ ስብ ሲበዛ ሆርሞኑም ይበዛል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን በሴቶች ላይ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ይከተላል። የጡት ካንሰር ከሚያገኛቸው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ግን ገና የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ናቸው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ከቫይረስ እንጂ ከቦርጭ አይመጣም። ስለዚህ ‹‹ቅጠኚና ከካንሰር ትድኛለሽ›› የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እየሸጠላችሁ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል መቀነስ እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከ35 ሺህ በላይ የወር አበባቸው ያቆመ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከክብደታቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት በማኅፀን ግድግዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 4 ኪሎ ማለት ነው።

በቡድን ሆኖ መቀነስ የተጀመረው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሚልዋኪ ከተማ ኤስተር ማንዝ የተባለች የቤት እመቤት ጓደኞቿን ሰብስባ ነው ማኅበር ያቋቋመችው። በ1961 ደግሞ ጂን ናይዴች ኒው ዮርክ ውስጥ ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ገመናዋን አወጣች፤ ተደብቃ ስለምትበላው ብስኩት ሳይቀር ነገረቻቸው። ከዚያ ‹‹ዌይት ዋቸርስ›› የተባለው ትልቅ ንግድ በቀለ። ጥንስሱ ግን የጎረቤት ወሬ ነው፤ ቡና የሌለው የቡና ሰዓት በሉት።

የእኛ አገር የጋራ ሩጫ ሌላ መንገድ ሄደ። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ የሴቶቹ 5 ኪሎ ሜትር በ1996 ተከተለ። በ2011 ከመኪና ነፃ የሆኑ እሑዶች መጡ፤ ባለሥልጣናቱ ቱታ ለበሱ፣ ካሜራ ተደረደረ። መልካም ነው። ሆኖም የአንድ እሑድ ሩጫ ማንንም አይመዝንም፤ የሚቀጥለው ሳምንት የቀረችውንም ‹‹ምን ሆንሽ?›› ብሎ አይጠይቅም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት የሚገባ ነበር፤ የተጠነሰሰው ግን ለእናቶችና ለሕፃናት፣ ለወባና ለመጸዳጃ ቤት ነው። ለከተማው በ2001 ባለሙያ ነርሶች ተመደቡ።

ቀሪውን ጥያቄ፣ የቀረችውን ‹‹ምን ሆንሽ?›› ማለትን፣ በወሎ የሚያውቅበት ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ቅሬ የተቋቋመው ለሞት ነው፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወርኃዊ መዋጮው ሁሉ ለሞት ነው። ይሁን እንጂ በኤችአይቪ ዘመን በየቦታው ያሉ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። መቅበር ብቻ ሲታክታቸው ወደ ሕያዋን ዞሩ። ይህ ከሚልዋኪም ከኒው ዮርክም የሚበልጥ ታሪክ ይመስለናል።

ካንሰር ላይ ያ መዞር ገና ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሴትየዋ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ለወራት ደብቃ፣ ጠበል ሞክራ ወይም ዱዓ አስደርጋ፣ ገንዘብ ለቃቅማ፣ ተራ ጠብቃ ስትደርስ መሽቷል። ቅሬው የሚሰማው ድንኳን ሲጠየቅ ነው። ያ ቅሬ ግን በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል፤ ማን እንደቀረ በስም ጠርቶ ያውቃል፤ ለሰደቃና ለተዝካር ስንት ሊትር ዘይት እንደሚፈስም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ነርስ ሚዛን ይዛ በዚያ ቀን ብትመጣ፣ ስለ እብጠትም በግልጽ ብታወራ፣ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም፤ ከሰብሳቢው የምትፈልገው ግማሽ ሰዓት ነው።