ርቀትና መልክዓ ምድር በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ፦ ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ባሕር ጠረፍ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ የሚኖር ሰው ጅማ ካለ ዘመዱ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር ምስሉ ቢቆራረጥ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያት ተደርጎ የሚወሰደው የከተሞቹ ርቀት ነው። ይሁንና ርቀት ብቻውን የሚያስከትለው መዘግየት አነስተኛ ነው። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ጅማ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ መስመሩ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ 3.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

ይበልጥ የሚከብደው መስመሩ የሚያልፍበት መሬት ነው። በአየር ቢለካ ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ግን ከአየር ጤና ተነስቶ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። የጥገና ሠራተኞች በቀላሉ እንዲደርሱበት ሲባል የፋይበር መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው መንገድ ተከትሎ ነው። በዚህም ምክንያት መስመሩ ከመርዘሙ በላይ ለመንገድ ሥራ ቁፋሮ፣ ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት ይጋለጣል። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ተሸካሚ ምሰሶዎች አናት ላይ የሚዘረጋ ፋይበር እንደ ዓባይ በረሃ ያለውን ገደል ለመሻገር ያመቻል፤ ሲበላሽ ግን የሚጠገነው በከፍታ ላይ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ከተማ ወሳኙ የመስመሩ ርዝመት ሳይሆን የተለዋጭ መስመሮች ቁጥር ነው። በአንድ መስመር ብቻ የተያያዘ ከተማ በአንድ ቆፋሪ ማሽን ስህተት ከአገልግሎት ውጪ ሊሆን ይችላል።

ከአገር ውጭ ለሚደረግ ግንኙነትም ይኸው ይሠራል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የባሕር ውስጥ ኬብሎችን የምታገኘው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው። አቅጣጫው አዲስ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመርም ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በደቡባዊ ቀይ ባሕር የበርካታ ኬብሎች መቆረጥ፣ ከአገር ድንበር ርቆ የሚደርስ ጉዳት በብዙ አገሮች ግንኙነት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አሳይቷል።

ኮልፌ ቀራንዮ በከተማዋ ምዕራብ፣ ከጅቡቲ አቅጣጫ በተቃራኒ መገኘቱ ግን ልዩነት አያመጣም። ተጨማሪ 15 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ የሚጨምረው መዘግየት ከ0.2 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው።

የነዋሪው ድርሻ የሆነው ርቀት ከቤቱ እስከ ቅርቡ የቴሌኮም ጣቢያ ያለው ነው። በመዳብ የስልክ መስመር የሚሰጥ ኢንተርኔት ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይዳከማል፤ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ተገቢውን ፍጥነት ማግኘት ያዳግታል። ፋይበር ግን እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ጉልህ ልዩነት ያደርሳል። በሞባይል ለሚጠቀሙም በወንዝ ዳርና በተዳፋት ያሉ ቤቶች ኮረብታ ሲከልላቸው ሲግናል ሊደክምባቸው ይችላል። ስለሆነም ቤት የሚከራይ ወይም አዲስ መስመር የሚጠይቅ ሰው በአካባቢው ያለው መስመር መዳብ ይሁን ፋይበር አስቀድሞ ቢያጣራ ይጠቅመዋል።

አቤቱታ በቅድሚያ የሚቀርበው ለአገልግሎት ሰጪው ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ። ችግሩ የሚታየው በሁሉም ገጾች ላይ ነው ወይስ በውጭ አገር ገጾች ላይ ብቻ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ዝናብ ሲዘንብ ይባባሳል ወይ የሚሉትን መዝግቦ መያዝ ብልሽቱ የቤቱ መስመር ይሁን የረጅም ርቀቱ ለመለየት ይረዳል። በአገልግሎት ሰጪው ያልተፈታ ቅሬታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል።